ፎቅ ለፎቅ መሮጡ ነው የሚያዘገይሽ

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሚስጥራዊ ሸማች ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ 8 ወር ሆነኝ። እንደማንኛውም ደንበኛ እገባለሁ፣ መስተንግዶውን አያለሁ፣ አንድ ነገር እገዛለሁ፣ ቤቴ ገብቼ የላከኝ ኩባንያ በሰጠኝ ቅጽ ላይ ሪፖርት እጽፋለሁ። ትንንሽ ሱቆች ላይ ችግር የለብኝም። ትልልቆቹ መደብሮች ግን ፈጁኝ። አንዱን ለመጨረስ ግማሽ ቀን ይሄድብኛል። ሰዓት ለመቆጠብ ብዬ ፎቅ ለፎቅ እሮጣለሁ፤ ወጥቼ ቅጹን ስከፍተው ግን የጥያቄውን ግማሽ አላስታውስም። ባለፈው የካሸሯን ስም ዘንግቼ ተመልሼ ገባሁ። በር ላይ የቆመው ጥበቃ ‹ምን ጠፋብሽ?› አለኝ። ሪፖርቴም በዚህ ወር ብቻ ሁለት ጊዜ ተመልሶብኛል። ክፍያውን ለሰዓቱ ሳካፍለው ለሰው መናገር ያሳፍራል። ጓደኞቼ በቀን 5 እና 6 እንሠራለን ይላሉ። እንዴት ነው የሚችሉት? ሌላም አለ። አንዱ ልጅ እኔ በጻፍኩት ምክንያት እንጀራውን ቢያጣስ እያልኩ እንቅልፍ አጣለሁ። ይምከሩኝ። እግሯ የቀጠነ»

እግርሽ የቀጠነው ልጄ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ሳቄም መጣ፣ ሆዴም ባባ። በወጡበት በር ተመልሶ የመግባቷን ነገር እኔም አውቃታለሁ። ይህን ሥራ ዓመታት ሠርቼዋለሁ፤ ሞኝነቱንም ብልሃቱንም ቀምሼዋለሁ።

መጀመሪያ ጓደኞችሽን ተያቸው። በቀን 5 እና 6 ሠራን ሲሉሽ ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ጠይቂያቸው። ገብተው በ10 ደቂቃ የሚወጡበት፣ ቅጹ አንድ ገጽ የማይሞላ ትንሽ ሱቅ ከሆነ ያስኬዳል። ባለሁለት ፎቅ መደብር ግን ሌላ እንስሳ ነው። የልብስ ክፍል አለው፣ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል አለው፣ ልብስ መለኪያ አለው፣ መጸዳጃ ቤት አለው፣ የደንበኞች አገልግሎት ጠረጴዛ አለው፣ የክፍያ ሰልፍ አለው። ጥያቄው 60 እና 70 ሊደርስ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ራስን በከንቱ ማስጨነቅ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ግማሽ ቀን እንምጣ። የት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ? ለሚቀጥሉት ሦስት ሥራዎች አንድ ነገር አድርጊልኝ። መመሪያውን ለማንበብ የወሰደብሽን፣ መንገዱን፣ መደብሩ ውስጥ የቆየሽውን፣ ሪፖርቱን ለመጻፍ የፈጀብሽን፣ ሪፖርቱ ሲመለስ ለማረም ያባከንሽውን ለየብቻ መዝግቢ። እኔ ይህን ያደረግኩ ቀን ደነገጥኩ። መደብሩ ውስጥ የቆየሁት ከጠቅላላው ሲሶ እንኳ አይሞላም ነበር። የቀረው ሁሉ ከመደብሩ ውጭ ነው የሚፈሰው። እኔ ደግሞ እንደ አንቺ የምቆጥበው ከየት ነበር? ከዚያችው ከሲሶዋ።

ስለዚህ ነገሩን ገልብጪው። ውስጥ ገብተሽ አትቸኩዪ። እንዲያውም ብዙ መመሪያዎች ቢያንስ ይህን ያህል ደቂቃ ቆዪ ብለው ያስራሉ። መቆጠብ የሚቻለው ከመግባትሽ በፊትና ከወጣሽ በኋላ ነው። ውስጥ የምትሮጪው ቤትሽ ያልሠራሽውን ሥራ እዚያ ስለምትሠሪ ነው።

ቤት የሚሠራው ሥራ ምንድን ነው? ቅጹን ማንበብ። አነባለሁ እንደምትዪኝ አውቃለሁ። ከላይ እስከ ታች እንደ ጋዜጣ ማንበብ ግን ማንበብ አይደለም። ከዋዜማው ማታ ቅጹን ይዘሽ ቁጭ በዪ፤ በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፦ «ይህ ነገር ቆሞ ይጠብቀኛል ወይስ ያልፈኛል?»

የመደርደሪያው ንጽህና ቆሞ ይጠብቅሻል። ያልበራው አምፖል፣ ዋጋ ያልተለጠፈበት ዕቃ፣ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ ሳሙና መኖሩ፣ እነዚህ ሁሉ የትም አይሄዱም። ብትረሺ ዞረሽ ታዪዋለሽ። ሰላምታው ግን ያልፋል። ስትገቢ ሠራተኛው ቀና ብሎ አይቶሽ እንደሆነ፣ እርዳታ ለማግኘት ስንት ደቂቃ እንደቆምሽ፣ ሻጩ ስለ ዕቃው ምን እንደነገረሽ፣ ሌላ የሚሄድ ዕቃ አብሮ አቅርቦልሽ እንደሆነ፣ ካሸሯ ስትሸኝሽ ምን እንዳለች፣ ስሞቹ። እነዚህ አንዴ ይሆናሉ፣ አበቃ። እነሱን በቀይ እስክሪብቶ አስምሪባቸው። ከ60ው ውስጥ ብትቆጥሪያቸው ከ12 እስከ 15 ቢሆኑ ነው። በቃ፣ በጭንቅላትሽ ይዘሽ የምትገቢው እነዚህን ብቻ ነው። ሌላውን ዓይንሽ ራሱ ያነሳዋል።

ከዚያ ጥያቄዎቹን በመደብሩ አካሄድ ደርድሪያቸው። ቅጹ የተዘጋጀው ለኩባንያው ኮምፒውተር እንዲመች ነው፤ ለእግርሽ አይደለም። ብዙ ጊዜ መጸዳጃ ቤቱን ከክፍያው በኋላ ያመጣዋል፣ በሩን መሀል ላይ ይጠይቅሻል። አንቺ ግን ከበሩ ጀምረሽ እስከ ካሸሯ የምትሄጂበትን መስመር አስቢ። የገባሽበት ክፍል ያለውን ሁሉ ጨርሰሽ ውጪ። አንዱ ፎቅ ሳያልቅ ሌላው ፎቅ አይወጣም። ፎቅ ለፎቅ የሚያሯሯጥሽ ይህ ብቻ ነው። መደብሩን ከዚህ በፊት ካላወቅሽው በድረ ገጹ ላይ የክፍሎቹን አቀማመጥ ማየት አንዳንዴ ይቻላል።

አንድ ተረትም ያስፈልግሻል። ማን ነሽ? ምን ፈልገሽ መጣሽ? ለምን ዛሬ አትገዢም? መልሱ ወደ እውነቱ የቀረበ ይሁን። እኔ ጀማሪ ሳለሁ አንዴ «ለእህቴ ልጅ ጫማ» ብዬ ገባሁ። ሻጩ ጎበዝ ነበር፤ «ዕድሜው ስንት ነው? ቁጥሩስ? እግሩ ሰፊ ነው?» አለኝ። እህቴ ልጅ የላትም። ተንተባተብኩ። ሰውየው ዓይኑን ሲያጠብብ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ከዚያ ወዲህ በእውነት ያስፈለገኝን ዕቃ ነው የምጠይቀው። ወጪው የሚመለስልሽ ከሆነ ደግሞ በእጥፍ ይጠቅምሻል፤ የማይረባ ነገር ይዘሽ ቤት አትገቢም። የሚመለሰው እስከ ስንት እንደሆነ ግን አስቀድመሽ እዪ። ከጣሪያው ያለፈው ካንቺ ኪስ ነው።

እሺ፣ ገባሽ። በሩን ስታልፊ ስልክሽን አውጪና ለራስሽ ቴክስት ላኪ፦ «ገባሁ»። ስልኩ ሰዓቱን ራሱ ይመዘግባል። ሠራተኛ ሲያናግርሽ «አገኘኝ»። ከልብስ መለኪያው ስትወጪ «ጨረስኩ»። መደብር ውስጥ ቆሞ ቴክስት የሚጽፍ ሰው ማንም አይጠረጥርም፤ ሁሉም እንደዚያ ነውና። ደብተር ይዞ የሚቆም ግን ወዲያው ይታወቃል። የተቀመጠለት ገደብ «በ3 ደቂቃ ውስጥ» ዓይነት ከሆነ በግምት አትጻፊ። «ሦስት ደቂቃ ገደማ» ብለሽ የጻፍሽው ሪፖርቱን የሚያርሙት ሰዎች ዘንድ ሁለት ደቂቃ ተኩልም አራትም ሊሆን ይችላል፤ የአንድ ክፍል ውጤት ደግሞ በዚያች ደቂቃ ሊገለበጥ ይችላል።

ሠራተኛው ጋ ስትደርሺ መመሪያው ምን እንደሚል አትርሺ። አንዳንዱ «እስኪመጣልሽ ጠብቂ» ይላል፣ አንዳንዱ «ሂጂና ጠይቂ»። እዚህ ላይ ከተሳሳትሽ የቀረው ሁሉ ዋጋ የለውም። እንድትጠብቂ ከታዘዝሽ እውነት ጠብቂ። ዓይን ዓይኑን አይተሽ አትጥሪው፤ ዕቃውን አገላብጪ፣ ዋጋውን አንብቢ። ሲያናግርሽ ደግሞ መልስ አታጉርሺው። «ዋስትና አለው አይደል?» ብለሽ ከጠየቅሽ «ሻጩ ስለ ዋስትናው በራሱ ተነሳስቶ ነገረሽ?» የሚለውን ጥያቄ ራስሽ ገደልሽው ማለት ነው።

ስም ብዙ ሰው የሚደናቀፍበት ነው። ባጁን ለማንበብ ደረቱ ላይ ማፍጠጥ የለብሽም። ዕቃውን እንዲያሳይሽ ጠጋ ስትዪ ታዪዋለሽ። ካየሽው በአንደበትሽ አንዴ ተጠቀሚበት፤ በስሙ ጠርተሽ ብታመሰግኚው ስሙ ጭንቅላትሽ ውስጥ ይቀራል፣ ለሰውየውም ደስ ይለዋል። ባጅ ካላደረገ ወይም ተገልብጦ ከሆነ ያንኑ ጻፊ፤ ራሱ አንድ ግኝት ነው። ከዚያ መልኩን፦ ቁመቱን፣ የዕድሜውን ግምት፣ መነጽሩን፣ የፀጉሩን አቆራረጥ። ሰውን የሚያዋርድ መግለጫ ግን ከእጅሽ እንዳይወጣ። «ወፍራሙ» ብሎ የጻፈ ሰው ሪፖርት ሲታረም አይቻለሁ፤ ትክክልም ነው።

ካሸሯን በተመለከተ ግን ልቆጣሽ ነው። ያቺ ስሟን የዘነጋሻት ሴት ቦርሳሽ ውስጥ ነበረች እኮ! ደረሰኙን አውጥተሽ አየሽው? ብዙ ትልልቅ መደብሮች ደረሰኝ ላይ የካሸሩን ስም ወይም መለያ ቁጥር፣ የክፍያ ማሽኑን ቁጥር፣ ቀኑንና ሰዓቱን እስከ ደቂቃው ያትማሉ። ከወጣሽ በኋላ መጀመሪያ የምታደርጊው ደረሰኙን ማንበብ ይሁን። የጠፋሽ የመሰለሽ ግማሹ እዚያ ላይ ነው። ሰልፉ ላይ ስንት ሰው እንደነበር ግን ደረሰኝ አይነግርሽም፤ ከኋላ ስትቆሚ ወዲያው ቁጠሪ፣ ስቶፕዋቹንም ያኔ አስነሺው። መቼ እንደምታቆሚው መመሪያው ላይ አለ። አንዱ ካሸሯ ሰላም ስትልሽ ይላል፣ ሌላው የመጀመሪያውን ዕቃ ስታነሳ።

ደረሰኝን ካነሳሁ አይቀር፣ ወዲያው ፎቶ አንሺው። አራቱም ማዕዘን ይታይ፣ ጨለማ ቦታ አይሁን፣ ጣትሽ አይግባበት። ያ ለስላሳ ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ፀሐይ ሲመታው ይደበዝዛል። መኪና ዳሽቦርድ ላይ ረስተሽው ነጭ ወረቀት ሆኖ ብታገኚው ክፍያሽም አብሮ ነጭ ሆነ።

መጸዳጃ ቤትን አትናቂው። የእኛ ሥራ ቢሮ እሱ ነው። አብዛኛው ቅጽ ስለሚጠይቅሽ መግባትሽ አይቀርም፤ ጉዞሽን ሁለት ቦታ የሚከፍለው እንዲሆን መሀል ላይ አድርጊው። በሩን ቆልፈሽ ለሁለት ደቂቃ የመጀመሪያውን ግማሽ ስልክሽ ላይ ጻፊ። ስም፣ ደቂቃ፣ በትክክል የተባለ አንድ ዓረፍተ ነገር። ከዚያ ባዶ ጭንቅላት ይዘሽ ትወጫለሽ።

ፎቶና ድምፅ መቅዳትን በተመለከተ አንድ ቃል ብቻ። መመሪያው ካላዘዘሽ አትቅጂ። ሰውን ሳያውቅ መቅዳት በየአገሩ ሕጉ የተለያየ ነው፤ ኩባንያው የማይከላከልልሽን ነገር በራስሽ አትግቢበት። ሠራተኛ «ተቆጣጣሪ ነሽ እንዴ?» ቢልሽ ደግሞ አትሟገቺ፣ «አዎ ነኝ»ም አትበዪ። ፈገግ በዪ፣ «ምን ተቆጣጣሪ?» በዪና ወደ ዕቃሽ ተመለሺ። በእርግጥ ከታወቀብሽ ሥራ ለሰጡሽ ሰዎች ያኑ ዕለት ንገሪያቸው። መደበቁ ነው የሚያስጠፋሽ።

ወጣሽ። አሁን ነው መቸኮል።

ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ የሥነ ልቦና ሰው ነበር። ትርጉም የሌላቸው ቃላት እየሸመደደ በራሱ ላይ ሞክሮ እ.ኤ.አ. በ1885 ያሳተመው ውጤት ዛሬም ይጠቀሳል። መርሳት ቀስ እያለ አይመጣም፤ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ገደል ነው የሚገባው፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚዘገየው። ከ20 ደቂቃ በኋላ እንኳ የያዘው ወደ ሁለት አምስተኛ ገደማ ሸሽቶት ነበር፤ በአንድ ሰዓት ከግማሽ በላይ። አንቺ የሸመደድሽው ትርጉም ያለው ነገር ስለሆነ ይሻልሻል እንጂ መንገዱ ያው ነው። ታዲያ ከመደብሩ ወጥተሽ፣ ታክሲ ጠብቀሽ፣ ቤት ገብተሽ፣ እግርሽን ታጥበሽ፣ አረፍ ብለሽ ማታ ቅጹን ስትከፍቺ ምን ሊቀርሽ ነው?

ከመደብሩ በማይታይ ቦታ ቁጭ በዪ። አንድ ጥግ፣ የመኪና ውስጥ፣ የፌርማታ ወንበር። 15 ደቂቃ ስጪው። ሙሉ ሪፖርት መጻፍ የለብሽም። በቀይ ያሰመርሽባቸውን ሁሉ መልሺ፤ «አይደለም» ያልሽበትን ሁሉ ደግሞ ለምን እንደሆነ በአንድ መስመር ጻፊ። ጣትሽ የደከመው ከሆነ ስልክሽን ጆሮሽ ላይ አድርገሽ ከሰው ጋር የምታወሪ መስለሽ ድምፅሽን ቅጂ። የራስሽን ድምፅ መቅዳት ማንንም አይነካም። እኔ ለእናቴ እንደምነግራት አድርጌ ነበር የምቀዳው። «አንቺ፣ ልጁ ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶኝ...» እያልኩ። ቤት ገብቼ ስሰማው ራሴ እስቃለሁ፤ ሪፖርቱ ግን በ40 ደቂቃ ያልቃል።

ሪፖርትሽ ለምን እንደተመለሰ አልነገርሽኝም። እኔ ግን ልገምት። የሚያርሙት ሰዎች በብዛት የሚመልሱት በሁለት ነገር ነው። አንዱ ምልክቱና ጽሑፉ ሲጣሉ ነው። ከላይ «ሠራተኛው ፈገግ ብሎ ተቀበለኝ፦ አዎ» ብለሽ፣ ከታች «ፊቱ ጭፍግግ ያለ ነበር» ስትዪ የትኛውን ይመኑሽ? ሁለተኛው ደግሞ ስሜት ጽፈሽ የሆነውን ሳትጽፊ ስትቀሪ ነው።

ይህን እዪ። «ሠራተኛው ግድ የለሽ ነበር።» ይህ ፍርድ ነው። ምን እንዳደረገ አላየሁም። አሁን ደግሞ ይህን እዪ። «ቻርጀር የት እንዳለ ጠየቅኩት። ካርቶን እየከፈተ ስለነበር ቀና ሳይል ‹ከኋላ ነው› አለኝ። የትኛው ኋላ እንደሆነ አላሳየኝም። በራሴ ፈልጌ በ4 ደቂቃ አገኘሁት።» እዚህ ውስጥ «ግድ የለሽ» የሚል ቃል የለም። አያስፈልግምም። አንባቢው ልጁን ከነካርቶኑ አየው። ደግሞ አስተውዪ፤ ካርቶን እየከፈተ እንደነበር ስትጽፊለት ለልጁም አንድ ነገር አደረግሽለት። ሥራ ላይ ነበር እንጂ ስልኩ ላይ አልነበረም።

«ወለሉ ቆሻሻ ነው» አትበዪ፤ «ከልብስ መለኪያው በር ፊት ሦስት የልብስ ማንጠልጠያና አንድ የተጣለ ኩባያ ነበር» በዪ። አጭር ነው፣ ተመልሶም አይመጣብሽም። የባለፈውን ወር ሪፖርት ገልብጦ ስም መቀየር ግን እንዳይሞክርሽ። የሚያርሙት ሰዎች ያንቺን አጻጻፍ ከአንቺ በላይ ያውቁታል። የአንቀጾቹን ቅደም ተከተል እንደ ቅርጽ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ሥጋው ግን የዕለቱ ይሁን።

አሁን ስለ ቀኑ አቀማመጥ። ትልቅ መደብር በቀን አንድ፣ ቢበዛ ሁለት። እሱን ምሰሶ አድርጊና በዙሪያው በእግር የሚደረሱ ትንንሽ ሥራዎችን ሰካኪበት። መንገዱን አንዴ ከፈልሽ፣ ገንዘቡን ሦስት ጊዜ አገኘሽ። ጓደኞችሽ ሚስጥራቸው ይህ ሳይሆን አይቀርም። መመሪያው የሚያስገድድሽን ሰዓት ግን እዪ፤ አንዳንዱ የሥራ ቀን ብቻ፣ አንዳንዱ ቅዳሜና እሁድ ብቻ ይላል። ዕቃ ገዝቶ በሌላ ቀን መመለስ ያለበት ሥራ ሲመጣልሽ ሁለት ጉዞ መሆኑን አትርሺ። መንገድሽ ላይ ካልሆነ እለፊው። አንዴ የሄድሽበትን መደብር ለተወሰነ ጊዜ ላይሰጡሽ ይችላሉ፣ ፊትሽ እንዳይለመድ። ስለዚህ የት መቼ እንደሄድሽ፣ ስንት እንደሚከፈልሽ፣ ስንት እንደሚመለስልሽ የሚይዝ አንድ ደብተር ይኑርሽ። ክፍያው ከወር ወይም ከሁለት ወር በኋላ የሚመጣበት ጊዜ አለ፤ ያኔ የትኛው የትኛው እንደሆነ ማን ያስታውሳል?

የወሩ መጨረሻ ሲቃረብ ያልተያዙ ሥራዎች ይቀራሉ። ሥራ የሚያከፋፍሉት ሰዎች ያኔ ይጨነቃሉ፤ ክፍያ ላይ ሊጨምሩ የሚችሉትም ያኔ ነው። «ትንሽ ቦነስ ብትጨምሩበት ነገ ጠዋት እሠራዋለሁ» ብሎ በጨዋ ደንብ መጠየቅ ነውር የለውም። ነውሩ ተቀብሎ መቅረት ነው። አንዴ ካስቀረሽባቸው ያቺ ስምሽ ላይ የምትቀር ነጥብ ብዙ ሥራ ታስከፍልሻለች።

ሁለት ትልልቅ መደብሮችን በአንድ ቀን ስትሠሪ ግን የመጀመሪያውን ሳትጽፊ ሁለተኛው በር እንዳትደርሺ። ይህን የምልሽ በራሴ ደርሶብኝ ነው። አንድ ቅዳሜ ሁለት መደብር አከታትዬ ገባሁ። «ማታ አንድ ላይ እጽፋለሁ» አልኩ። ማታ ጻፍኩ። በማግስቱ ጠዋት ደረሰኞቹን ሳስተካክል አንድ ነገር ቆረቆረኝ። የሁለተኛውን መደብር የኤሌክትሮኒክስ ሻጭ ስም የመጀመሪያው መደብር ሪፖርት ላይ አስገብቼዋለሁ። ያ የረዳኝ ሰው የሌላ ሰው ነቀፌታ ተሸክሟል። ሪፖርቱ ገብቷል። ደወልኩ፣ አመንኩ። የሁለቱም ክፍያ ቀረብኝ፤ ለሳምንታትም ሥራ አልሰጡኝም። አልተከፋሁም። ያልደወልኩ ቢሆን ነበር የማልተኛው።

እንግዲህ እንቅልፍ ስለሚነሳሽ ልጅ ይህን አስቢ። ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ሲስፋፋ በአብዛኛው ሠራተኛው ከካዝናው ይሰርቃል አይሰርቅም የሚለውን ለማጣራት ነበር። ዛሬ አብዛኛው መስተንግዶን ለመለካት ነው፤ ደህና የሆኑት ኩባንያዎችም ሠራተኞቻቸው እንዲህ ዓይነት ጉብኝት እንዳለ አስቀድመው ያውቁታል። አንድ ጉብኝት ብቻ ይዞ ሰው ማባረር ጤናማ አሠራር አይደለም። ግን አይደረግም ብዬ አላጽናናሽም፤ ደመወዝና ቦነስ ከውጤቱ ጋር የሚያያዝበት ቦታ አለ። ስለዚህ ከእጅሽ ያለው አንድ ነገር ነው። ያየሽውን ያህል ብቻ ጻፊ። ሻጩ ስድስት ደንበኛ ከብቦት ለብቻው ቆሞ ከነበረ ስድስቱንም ጻፊያቸው። ለልጁ የሚያግዘውን ነገር ከዘለልሽ፣ የሚጎዳውን ከመጨመር እኩል ነው። አዝነሽለት ደግሞ ያልሆነውን ሆነ ብለሽ አታሳምሪለት፤ ያን ያደረግሽለት ቀን ከጎኑ በትክክል የሠራችዋን ልጅ በደልሽ።

ሳትጠይቂኝ አንድ ነገር ልጨምር፤ በስምንት ወር ውስጥ ካልደረሰሽ ይደርስሻልና። «ሚስጥራዊ ሸማች እንፈልጋለን» የሚል መልእክት ይመጣል። ቼክ ይልኩልሻል። ባንክ አስገቢ ይሉሻል፤ ድርሻሽን ያዢና በቀሪው የስጦታ ካርድ ግዢ፣ ቁጥሩን ፎቶ አንስተሽ ላኪልን ይሉሻል። ወይም የገንዘብ ማስተላለፊያውን አገልግሎት እንድትፈትሺ ብለው ገንዘብ ያስልኩሻል። ቼኩ ሐሰተኛ ነው። ባንኩ ገንዘቡን በቀናት ውስጥ ሒሳብሽ ላይ ቢያሳይሽም ሐሰተኛነቱ ከሳምንታት በኋላ ሊታወቅ ይችላል፤ ያኔ ዕዳው ያንቺ ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በዚህ ላይ ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ለመመዝገቢያ ገንዘብ የሚጠይቅሽንም እንደዚሁ እለፊው። እውነተኛ ሥራ ይከፍልሻል እንጂ አያስከፍልሽም።

ለሚቀጥለው ሥራሽ ይህን ሞክሪ። ማታ ቀይ እስክሪብቶ፣ ጠዋት አንድ መስመር፣ መሀል ላይ ሁለት ደቂቃ ቢሮሽ ውስጥ፣ ስትወጪ 15 ደቂቃ ወንበር ላይ። ሰዓቱንም መዝግበሽ ላኪልኝ፤ ከድሮው ጋር እናስተያየዋለን።

ያ ጥበቃ «ምን ጠፋብሽ?» ሲልሽ ግን ምን ብለሽ መለስሽለት? እሱን ሳትጽፊልኝ ቀረሽ።